ተቆጣጣሪው ቀን ቆርጦ ይምጣ ወይስ ድንገት? የአረጋውያን ማዕከላት ቁጥጥር ክርክር

ጠያቂዋ ልጅ፦
ለክርክር የማቀርበው አንድ ነገር ነው። የአረጋውያን መንከባከቢያ ማዕከልን የሚቆጣጠር ሰው የሚመጣበትን ቀን አስቀድሞ ያሳውቅ ወይስ ሳይጠበቅ በሩን ያንኳኳ? አባቴ የሚኖረው በአንዱ ማዕከል ነው። የቁጥጥር ሰሞን ቤቱ ሌላ ቤት ይሆናል። አዲስ አንሶላ ይወጣል። አይተናቸው የማናውቃቸው ሠራተኞች ኮሪደሩን ይሞሉታል። ተቆጣጣሪው ሲሄድ እነሱም ይሄዳሉ። እኔ በበኩሌ ድንገተኛ ይሁን ባይ ነኝ። የሚቃወም ካለ ምክንያቱን ይንገረኝ። ስድብ አይፈቀድም።

የቀድሞ አስተዳዳሪ፦
እኔ እቃወማለሁ። እህቴ፣ ቁጥጥር ፖሊስ ሌባ የሚያሳድድበት ሥራ አይደለም። ድንገት ሲመጡ ኃላፊው ላይኖር ይችላል። የመድኃኒት ቁልፍ የያዘችው ነርስ የጀመረችውን ሥራ ጥላ ፋይል ፍለጋ ትሮጣለች። ቤተሰብ ተቆጣጣሪውን ማነጋገር ቢፈልግ እንኳ መምጣቱን የሚሰማው ከሄደ በኋላ ነው።

ደግሞስ መዘጋጀት ምን ነውር አለው? ለቁጥጥር ተብሎ የተጠገነ የጥሪ ደወል ተቆጣጣሪው ከሄደም በኋላ ይጮኻል። እኔ ማዕከል በምመራበት ጊዜ ለጥገና የጠየቅሁት ገንዘብ የሚለቀቅልኝ ቁጥጥር ሲቃረብ ብቻ ነበር። ቀኑ ባይታወቅ ኖሮ ደወሉ እስከ ዛሬም አይጠገንም።

የሌሊት ፈረቃ፦
ደወሉስ ይጮኻል፣ ጋሼ። የሚሰማው ሰው ነው የጠፋው።

እኔ ተንከባካቢ ነኝ፣ የምሠራው ሌሊት ነው። ተቆጣጣሪ ደግሞ ቀን መጥቶ ቀን ይሄዳል። ሌሊት ምን እንዳለ ልንገራችሁ። ራሱን ማንቀሳቀስ የማይችል ሰው በየሁለት ሰዓቱ፣ ወይም ዕቅዱ ላይ በተጻፈለት ሰዓት መገላበጥ አለበት። ካልተገላበጠ ተረከዙና ዳሌው ይቆስላል፤ ከወገቡ ዝቅ ብሎ አጥንቱ አልጋውን የሚጫንበት ቦታም እንዲሁ። ለዚህ ቅጽ አለ። በተገላበጠ ቁጥር ሰዓትና ፊርማ ይሰፍርበታል። ቅጹን ከማንበባችሁ በፊት ቀለሙን እዩት። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋት ያለው ሁሉ በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ዓይነት አጣጣል፣ አንዱ ከአንዱ ሳይዛነፍ ተደርድሮ ካገኛችሁት፣ ፈረቃ ሊለቀቅ ሲል በአንድ ትንፋሽ የተሞላ ነው።

ከዚያ ቅጹን አስቀምጡና ባለቤቱን አስፈቅዳችሁ ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርጉ። ተረከዙ ላይ የቀላ ቦታ ካለ በጣት ጫን አድርጋችሁ ልቀቁት። ነጣ ብሎ ቅላቱ ከተመለሰ እሰየው። ሲጫኑት የማይነጣ ከሆነ ጉዳቱ ጀምሯል። ጠቆር ባለ ቆዳ ላይ ቅላቱ ላይታይ ይችላል፣ ስለዚህ ዳሰስ አድርጎ ሙቀቱንና መጠንከሩን ከአካባቢው ጋር ማስተያየት ነው። ይሄ ደቂቃ አይፈጅም። ተቆጣጣሪ ሲያደርገው ግን እምብዛም አላየሁም። ፋይል ክፍል ተቀምጠው ነው የሚውሉት።

ተጠራጣሪው፦
አንቺስ? ያንቺ ቅጽ ቢገለጥ ምን ይገኛል?

የሌሊት ፈረቃ፦
ያልሠራሁትን አልሞላም። አንድ ሌሊት ጓደኛዬ ታማ ቀረች፣ ፎቁን ብቻዬን ያዝኩ። «አልተገላበጡም፣ ሰው አልነበረም» ብዬ ጻፍኩ። ጠዋት ቢሮ ተጠራሁ። ሰው ለምን ጎደለ ያለ የለም። ለምን ጻፍሽ ነው የተባልኩት። ከዚያ ወዲህ ሌሎቹ ምን እንደሚያደርጉ አንተው ገምት።

ኦዲተሩ፦
ጉዳዩ በሌላ አገር ተሞክሯልና በግምት አንከራከር። (ዓመቶቹን በአውሮፓ አቆጣጠር ነው የምጠቅሰው።) አሜሪካ በ1987 ያወጣችው ሕግ ቁጥጥሩ ሳይነገር እንዲሆን ያዛል። ቀኑን ያሾለከ ሰው በገንዘብ ይቀጣል። በአንድ ማዕከል ሁለት መደበኛ ቁጥጥሮች መካከል ከ15 ወር በላይ ማለፍ የለበትም። ከቁጥጥሮቹ ቢያንስ 10 በመቶው ደግሞ ቅዳሜና እሁድ፣ ማታ ወይም ማለዳ እንዲጀምሩ ይጠበቃል። የሌሊት ፈረቃ ያለችው ነገር እዚያም ታውቋል ማለት ነው።

አውስትራሊያ ትምህርቱን ያገኘችው በመከራ ነው። አደሌድ ውስጥ ኦክደን የሚባል የመንግሥት ማዕከል ነበር። ደረጃውን ያሟላል ተብሎ ዕውቅና የሚሰጥበትን ምርመራ እያለፈ ኖሮ በ2017 ውስጡ ሲገለጥ አገር ጉድ አለ። ማዕከሉ ተዘጋ። በ2018 አጋማሽ የዕውቅና እድሳት ጉብኝቱ ሳይነገር እንዲሆን ተወሰነ። በዚያው ዓመት አገር አቀፍ አጣሪ ኮሚሽን ተቋቁሞ በ2021 የመጨረሻ ሪፖርቱን አወጣ። ቀጠሮ ተይዞለት የሚደረግ ምርመራ ምን ሊያሳልፍ እንደሚችል ከኦክደን በላይ ማስረጃ አላውቅም።

የቀድሞ አስተዳዳሪ፦
አመሰግናለሁ፣ ለእኔ ነው የመሰከርክልኝ። አሜሪካ ውስጥ ከ1987 ጀምሮ ድንገተኛ ከሆነ ችግሩ እስከ ዛሬ ለምን አላለቀም? የ15 ወር ጣሪያ ካለ ደግሞ ዓመት ሲሞላ ማንኛውም ኃላፊ ጣቱን ቆጥሮ ያውቀዋል። ድንገተኛ የምትሉት ስሙ ብቻ ነው።

ዋናው ነገር የሰው ኃይል ነው። አንዲት ተንከባካቢ በአንድ ጠዋት ስንት ሰው ታነሳለች፣ ታጥባለች፣ ታለብሳለች፣ ታበላለች? ተቆጣጣሪ በየቀኑ ቢመጣባት እጇ ሁለት ነው። የሌሊት ፈረቃም የነገረችን ይህንኑ ነው። የጎደለው ሰው ሆኖ ሳለ እናንተ የጉብኝት ሰዓት ላይ ትጨቃጨቃላችሁ።

ኦዲተሩ፦
በሰው ኃይሉ እስማማለሁ። ግን ሰው መጉደሉን በምን ያውቁታል? ጠይቀው? አሜሪካ በ2008 ለማዕከላት ባለ አምስት ኮከብ ደረጃ መስጠት ስትጀምር የሠራተኛውን ቁጥር የሚያቀርቡት ማዕከላቱ ራሳቸው ነበሩ። ያውም በቁጥጥሩ ሰሞን ያለውን! የጠያቂዋ ልጅ እንግዳ ሠራተኞች ትዝ አሏችሁ? ከ2016 ጀምሮ ግን ቁጥሩ በቀጥታ ከደመወዝ መዝገብ እየተወሰደ ዓመቱን ሙሉ ይሰበሰባል። አሁን ማን በየትኛው ቀን ስንት ሰዓት እንደሠራ ይታያል፤ እሁድ የሳሳው ቤትም ያስታውቃል። እንግዲህ ድንገተኛ ጉብኝት ብቻውን አይበቃም የሚሉት እውነት ነው። የሚረዳው እንዲህ ያለ መዝገብ ነው እንጂ ቀን ቆርጦ መምጣት ግን አይደለም።

ዝቅተኛ የሠራተኛ መጠን በሕግ ይደንገግ ከተባለ ደግሞ መንገዱ ቀላል አይደለም። እዚያው አሜሪካ በ2024 ለአንድ ነዋሪ በቀን 3.48 የእንክብካቤ ሰዓት የሚል ደንብ ወጥቶ ነበር። በ2025 ፍርድ ቤት ሻረው። አውስትራሊያ ግን ገፍታበት በአማካይ ለአንድ ነዋሪ በቀን 215 የእንክብካቤ ደቂቃ ደርሳለች።

የማዕከል ነዋሪ፦
ልጆች፣ እኔ ማዕከል ውስጥ ነው የምኖረው። ስለ እኛ ስታወሩ እኛን የጠየቀ የለም፣ ስለዚህ ሳልጠየቅ ልናገር።

እኛን ጎህ ሳይቀድ ቀስቅሰው ነው የሚያጥቡን። ለምን? የሌሊቱ ፈረቃ ለቀኑ ሥራ አቅልሎ እንዲያስረክብ። ከዚያ ለባብሰን ቁርስ እስኪደርስ ወንበር ላይ እናንቀላፋለን። ተቆጣጣሪው ሲመጣ ታጥበን ለብሰን ያገኘናል፤ «ንጹሕ ናቸው» ብሎ ይጽፋል። በስንት ሰዓት ተነሳችሁ ያለን የለም። እኔን አንዴ አንዷ አነጋግራኛለች። ኃላፊው አጠገቧ ቆሞ ነበር። «ሁሉ ደህና ነው» አልኳት። ምን ልበላት? ማታ እዚያው ነኝ እኮ።

ቀኑ ይታወቅ አይታወቅ ለእኔ ያን ያህል አይደለም። በር ዘግቶ ለብቻችን የሚያነጋግረን ይምጣ።

ጠያቂዋ ልጅ፦
እማማ፣ ይህን በማንሳትዎ ተባረኩ። ግን መናገር የማይችሉትስ? አባቴ የመርሳት በሽታ አለበት። በር ተዘግቶ ቢጠየቅ በዚያ ቀን ትዝ ያለውን ይናገራል።

ነርሷ፦
የማይናገር ሰው ይታያል። የእንግሊዝ ተቆጣጣሪዎች ለዚህ የሚጠቀሙበት ዘዴ አላቸው። ሳሎን ወይም መመገቢያ ክፍል ጥግ ይዘው ይቀመጡና ጥቂት ሰዎችን መርጠው በየደቂቃዎቹ ይመዘግባሉ። ፊቱ ምን ይመስላል፣ አንድ ነገር ይሠራል ወይስ ባዶውን ተቀምጧል፣ ሠራተኛ መጥቶ ሲያናግረው እንዴት ነው?

ይህን በምግብ ሰዓት ሞክሩት። አንዷ ቆማ ታጎርሳለች፣ በአዛውንቷ አናት ላይ ከባልደረባዋ ጋር ወሬ ይዛለች። አዛውንቷ ሳይውጡ ሁለተኛው ማንኪያ አፋቸው ጋ ደርሷል። የውሃው ብርጭቆ ደግሞ እጃቸው ከማይደርስበት የጠረጴዛው ጫፍ ላይ ነው። ከምግብ በኋላ እንደሞላ ይነሳል። ቅጹ ላይ «ጠጥተዋል» ይባላል። ይሄንን የትኛውም ፋይል አይነግራችሁም።

ወረቀት ዋጋ የለውም ማለቴ ግን አይደለም። የክብደት መዝገብ ወርቅ ነው። በአንድ ወር ውስጥ ከክብደቱ 5 በመቶ የቀነሰ ሰው ካለ፣ ማለትም ከ60 ኪሎ 3 ኪሎ የወረደ፣ ያ ቤት ምን አደረገ ብሎ መጠየቅ ነው። ሐኪም ታየ? ጥርሱ ተመረመረ? የሚያጎርሰው ሰው ተመደበ? ወይስ ቁጥሩ ተጽፎ ዝም ተባለ?

ሌላው ማረጋጊያ መድኃኒት ነው። ጸጥ ያለ ቤት ስታዩ አትቸኩሉ። ለአእምሮ ሕመም የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች የመርሳት በሽታ ላለባቸው አረጋውያን የሞት አደጋን እንደሚጨምሩ የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን ከ2005 ጀምሮ ጠንካራ ማስጠንቀቂያ አስጽፎባቸዋል። ማን ይወስዳል፣ ለምን ታዘዘ፣ መቼ እንደገና ታየ? «ይረብሻል» መልስ አይደለም። የሚረብሽ ሰው ብዙ ጊዜ ያመመው፣ ሆዱ የደረቀበት ወይም ሽንቱ የመጣበት ሰው ነው።

ተጠራጣሪው፦
ይሄ ሁሉ ከሚሆን ለምን ካሜራ አይገጠምም? ተገላገልን!

ነርሷ፦
አንተ ስትታጠብ ካሜራ ይገጠምልህ? ክፍል የሚጋራው ሰውስ ፈቅዷል? ቴክሳስ ከ2001 ጀምሮ በክፍል ውስጥ ካሜራ እንዲገባ በሕግ ፈቅዳለች፣ ግን በፈቃድና በቅድመ ሁኔታ ነው። ቤተሰብ የሚጠረጥረው ነገር ካለ ይገባኛል። ለሁሉም ክፍል ግን እኔ አልስማማም። ደግሞ ቀረጻውን ማን ቁጭ ብሎ ሊያይ ነው?

ጠያቂዋ ልጅ፦
ውጤቱ በር ላይ ይለጠፍ የሚለውስ? እንግሊዝ ከ2015 ጀምሮ ማዕከላቱ ደረጃቸውን ሰው በሚያየው ቦታ እንዲለጥፉ ታስገድዳለች።

ኦዲተሩ፦
ይለጠፍ፣ ግን የተሰጠበት ቀን ይታይ። ከዓመታት በፊት የተሰጠ «ጥሩ» ኃላፊውና ግማሹ ሠራተኛ ከተቀየሩ በኋላ ምን ይነግረኛል? ከሁሉ በላይ ደግሞ ነጥቡ የሚደመርበትን መንገድ እዩ። ጀርመን በ2009 ለማዕከላት እንደ ትምህርት ቤት ውጤት መስጠት ጀምራ ነበር። ሁሉም ማለት ይቻላል «በጣም ጥሩ» ሆኑ። በቁስል እንክብካቤ የወደቀ ቤት የምግብ ዝርዝሩን በጉልህ ፊደል በመለጠፉ ነጥቡን ማካካስ ይችል ነበር። በ2019 ሥርዓቱን ቀየሩት። ስለዚህ አማካይ አትስጡኝ። ቁስሉን ለብቻው፣ የሰው ኃይሉን ለብቻው አሳዩኝ።

የቀድሞ አስተዳዳሪ፦
ይሄኛውን ተቀብያለሁ። አማካይ ነጥብ ጥሩ ሠራተኛ ያላቸውን ቤቶችም ይጎዳል። እንግዲህ ልዩነቱን ላጥብበው። የመጀመሪያው ቀን ሳይነገር ይሁን፣ ሌሊትም ይምጡ። ሁለተኛውን ቀን ግን አሳውቁን፤ ፋይሉ ይቅረብ፣ ቤተሰብ ይጠራ፣ እኔም መልስ ልስጥ። ኃላፊን ሳይሰሙ መፍረድ ግን አይሆንም።

የሌሊት ፈረቃ፦
እሱ ይሻላል። ሌሊት ሲመጡ ግን እኛንም ይጠይቁን። ስማችን ደግሞ አይጻፍ።

የቀድሞ አስተዳዳሪ፦
ስም የሌለው ክስ ይዤ ምን አደርጋለሁ? ቂም ያለው ሁሉ ሊጽፍብኝ ነው።

ኦዲተሩ፦
ስሙን ተቆጣጣሪው ይያዘው። ለእርስዎ የሚደርስዎት ጉዳዩ፣ ፎቁና ሌሊቱ ነው። እውነት ይሁን ውሸት ከተረኛ መዝገቡና ከነዋሪዎቹ ቆዳ ይጣራል።

የቀድሞ አስተዳዳሪ፦
በአንድ ሌሊት የነበሩት ሁለት ሰዎች ከሆኑ ማን እንደተናገረ ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልገኝም እኮ።

የሌሊት ፈረቃ፦
እሱን ነው እኔም የምፈራው። ስለዚህ አንድ ሌሊት ብቻ አይምጡ፣ አንድ ሰው ብቻም አይጠይቁ። የሁሉንም ፈረቃ ሠራተኛ ያነጋግሩ፣ የለቀቁትንም ጭምር። የለቀቁት ብዙ ያወራሉ።