የሕክምና ተማሪዎች ልውውጥ ስምምነት፦ የተቀባዩ ሆስፒታል ጥቅም እንዴት ይጠበቅ?

ጥያቄ
ፋኩልቲያችን ከአንድ የውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ ጋር የተፈራረመው የመግባቢያ ሰነድ የሚታደስበት ጊዜ ስለደረሰ፣ ረቂቁን እንዳዘጋጅ ተመድቤያለሁ። የእነርሱ ተማሪዎች በየዓመቱ ለአራት ሳምንት የተግባር ልምምድ ወደ እኛ ይመጣሉ፤ የእኛ ተማሪዎች ግን እስካሁን አንድም ጊዜ ወደዚያ አልሄዱም። እንግዶቹን ይዘው በየክፍሉ የሚዞሩት ስፔሻሊስቶቻችን ለዚህ የሚያውሉት ሰዓትም በየትኛውም ሰነድ ላይ አልሰፈረም። ትብብሩ እንዲቋረጥ አልሻም፤ በዚሁ መልክ እንዲቀጥል መፈረም ግን ይከብደኛል። ምን ዓይነት አንቀጾች ቢገቡ ይሻላል?

መልስ 1
ከሁሉ አስቀድመው የስፔሻሊስቶቹን ሰዓት ያስመዝግቡ። እንግዳ ተማሪ ሲመጣ የሚሻማው የራሳችሁን ሬዚደንቶች (ስፔሻሊስት ለመሆን የሚሠለጥኑ ሐኪሞች) የመማሪያ ጊዜ ነውና፣ ወጪው ባይታይም አለ። በዓለም አቀፍ ጤና ሥልጠና ሥነ ምግባር ላይ የተቋቋመው የሥራ ቡድን እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው መመሪያ፣ የተቀባዩ ተቋም ትክክለኛ ወጪ ታስቦ እንዲካካስ ይመክራል፤ ለድርድሩ ጥሩ መነሻ ይሆንዎታል። ተማሪው በራሱ አገር ያልተፈቀደለትን ማንኛውንም ሕክምና እዚህም እንዳይሠራ የሚከለክል አንቀጽ ደግሞ ለድርድር መቅረብ የለበትም፤ ታካሚው መለማመጃ አይደለም።

መልስ 2
የኬንያው ሞይና የአሜሪካው ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲዎች እ.ኤ.አ. በ1989 የጀመሩትን ትብብር ቢያጠኑት መልካም ነው። ኢንዲያና ተማሪ ልኮ ብቻ አልተቀመጠም፤ መምህራኑ በየተራ ሞይ በሚገኝባት በኤልዶሬት ከተማ እየኖሩ ከሞይ ባልደረቦቻቸው ጋር ያስተምሩና ያክሙ ነበር፤ የሞይ ተማሪዎችም በበኩላቸው ኢንዲያና ሄደው ይማራሉ። እ.ኤ.አ. በ2001 የኤችአይቪ ሕክምና መርሐ ግብር በጋራ ሲጀምሩ፣ ከአሥር ዓመት በላይ አብረው የሠሩ ሰዎች ነበሩ። በአራት ሳምንት ጉብኝት እንዲህ ያለ መተማመን አይገኝም።

ጠያቂው
ሁለታችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የሚያሳስበኝ ግን ቪዛው ነው፤ ቢሳካ እንኳ ተማሪዎቻችን እዚያ ታካሚ መንካት ሳይፈቀድላቸው ቆመው ከማየት ያለፈ ነገር ላያገኙ ይችላሉ።

መልስ 3
ሥጋትዎ ተገቢ ስለሆነ የተማሪ ቁጥር ማመጣጠኑን ብቸኛ መለኪያ አያድርጉት። የቶሮንቶና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች እ.ኤ.አ. በ2003 በአእምሮ ሕክምና ትብብር ሲጀምሩ፣ የቶሮንቶ መምህራን በዓመት ሦስት ጊዜ፣ በእያንዳንዱ ጊዜ ለአንድ ወር ያህል እየመጡ ሬዚደንቶችን እዚያው በአገራቸው ያስተምሩ ነበር። እናንተም የሚጎድላችሁን የስፔሻሊቲ ዘርፍ ራሳችሁ ለይታችሁ፣ አጋሮቻችሁ ተማሪ በሚልኩ ቁጥር በዚያ ዘርፍ የሚያስተምር ሐኪም እንዲልኩ መጠየቅ ትችላላችሁ። ዘርፉን የመምረጥ መብት የፋኩልቲያችሁ መሆኑ በግልጽ ይጻፍ፤ ካልተጻፈ የሚመጣላችሁ እነርሱ ያላቸው እንጂ እናንተ የቸገራችሁ አይሆንም።