ግጭት ላይ ፎርኩ የታጠፈ የ1972 ሆንዳ ሲቢ350፦ ላቃናው ወይስ ልቀይረው?

አሮጌ_ሆንዳ (ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

ሰላም ለሁላችሁ። የ1972 ሆንዳ ሲቢ350 አለኝ። ሁለት ሲሊንደር፣ 325 ሲሲ፣ የፊት ፍሬኑ ገና ድራም የሆነው። ሲገዛ የማይነሳ ቆሻሻ ነበር፣ ሦስት ክረምት ጋራዥ ውስጥ ተንበርክኬ ነው ነፍስ የዘራሁበት። ካርቡሬተሮቹን ብቻ አራቴ ፈትቻለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ መብራት ላይ ከፊት ለፊቴ የሚመጣ መኪና ድንገት ወደ ግራ ታጠፈብኝ። ፍሬን ይዤ ይዤ በሰዓት ወደ 15 ማይል ሳልወርድ አልቀረሁም፣ ግን አልበቃም፣ የፊት ጎማዬ የመኪናው በር ላይ ገባ። እኔ ተመስገን ደህና ነኝ። ጉልበቴ ተላጠ፣ አውራ ጣቴ አበጠ፣ አለቀ። ሰውዬው ወርዶ መጀመሪያ ያየው በሩን ነው፣ እሱን ተዉት።

ሞተሬ ግን ታሳዝናለች። ሁለቱም የፎርክ ቱቦዎች (የፊት ጎማውን ግራና ቀኝ የሚይዙት እግሮች) አቅፎ ከሚይዛቸው ከታችኛው መያዣ ሥር ወደ ኋላ ታጥፈዋል፣ ጎማው የጭስ ማውጫውን ሊነካ ሁለት ጣት ነው የቀረው። ቸርኬው ስምንት ቁጥር ሠርቷል። ገፍቼ ወደ ቤት ሳስገባት መሪው ወደ ግራ ዞሮ ነው ቀጥ ብላ የምትሄደው።

አንድ ሱቅ በፕሬስ፣ በመጫኛ ማሽን፣ አቃናልሃለሁ አለኝ። ሌላው እንዳትሞክረው፣ አዲስ ግዛ አለኝ። የሰውዬው ኢንሹራንስ ደግሞ ቶታል ነው (ማሠራቱ አያዋጣም ማለታቸው ነው)፣ ይህቺን ያዝና እንገላገል እያለ ነው። ያቀረቡት ብር ያሳቃል። መፍቻ መያዝ አያቅተኝም ግን ፎርክ ፈትቼ አላውቅም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ቶርኖ_ቤት (አዲስ አበባ)

እንኳን ነፍስህ ተረፈ ወንድሜ፣ ብረት ይተካል።

እኔ የታጠፈ ፎርክ እያቃናሁ ነው ልጆች ያሳደግኩት። ያማሃ ዲቲ፣ ኤጂ100፣ ሆንዳ ኤክስኤል፣ ከየክፍለ ሀገሩ በአይሱዙ ተጭኖ የሚመጣ የግብርና ሞተር፣ ያላቃናሁት የለም። በኛ አቆጣጠር ሰኔ 2011 መጨረሻ ላይ አዲስ አበባ ውስጥ ሞተር ላይ ገደብ ሲጣል ነው ሥራው የቀዘቀዘው። ስለዚህ አይቻልም የሚልህን አትስማ። ይቻላል። ጥያቄው የትኛው ቱቦ ነው የሚቃናው ነው።

መጀመሪያ ቱቦውን አውጥተህ በጋዝ እጠበው። ከዚያ የታጠፈበትን ቦታ በውስጠኛው በኩል፣ ማለት ብረቱ በተጨመቀበት በኩል፣ ጥፍርህን ቀስ አድርገህ አስኪድበት። ጥፍርህ ከያዘ፣ ወይ ብረቱ ተጨማዷል ወይ ክሮሙ ተሰንጥቋል። እሱ ቱቦ ሞቷል፣ ቅበረው። አቃንተህ ብትገጥመው ነገ ጉድጓድ ውስጥ ስትገባ እዚያው ላይ ነው የሚታጠፈው፣ ምናልባትም የሚሰበረው። ክሮሙ ከተሰነጠቀ ደግሞ ዝገት ይገባል፣ ዝገቱ ኦይል ሲሉን፣ ዘይት እንዳይወጣ የሚይዘውን ጎማ፣ እንደ መጋዝ ይበላዋል፣ በየወሩ ዘይት ስትጠርግ ትኖራለህ።

ጥፍርህ ካልያዘ፣ እንደ ቀስት ለስለስ ብሎ ብቻ ከጎበጠ፣ ይቃናል። በብርዱ ነው የሚቃናው። እሳት የሚያስጠጋ ሰው ካየህ ዕቃህን ይዘህ ውጣ። ሁለት ቪ ቅርጽ ያለው መደገፊያ ላይ ታስተኛዋለህ፣ ጉብታው ወደ ላይ፣ ፕሬሱ አፍ ላይ አሉሚኒየም ወይ ጠንካራ እንጨት ታደርጋለህ ክሮሙን እንዳይቆርጠው። ትጫነዋለህ፣ ስትለቀው ይመለሳል፣ እንደ ሞላ ነው። ትንሽ አሳልፈህ ትጫናለህ። ትለካለህ። ደግመህ። አንዱን ቱቦ ለማቃናት ግማሽ ቀን የፈጀብኝ ጊዜ አለ፣ አስር ደቂቃ የፈጀም አለ።

ግን እውነቱን ልንገርህ፣ እኛ የምናቃናው ዕቃ ስለሌለን ነው እንጂ ስለሚሻል አይደለም። አንተ ያለህበት አገር የሲቢ350 ቱቦ፣ 33 ሚሊሜትር ነው እሱ፣ አዲስ ተሠርቶ ይሸጣል። እኔ ብሆን የድሮውን ግድግዳ ላይ ሰቅዬ አዲስ እገዛ ነበር።

ቢኤም_ወዳጅ (ፍራንክፈርት)

ወንድሜ እንኳን ተረፍክ። የቶርኖ ቤቱን መልስ ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፣ ግን ሁላችሁም ቱቦ ቱቦ እያላችሁ ዋናውን ረሳችሁት።

እኔ የ1973 ቢኤምደብልዩ አር75/5 ነው የምነዳው። ከስድስት ዓመት በፊት ከቆመ መኪና ኋላ ገባሁ (የኔ ጥፋት ነው፣ ፀሐይ ነበር)። አዲስ ቱቦ ገዛሁ፣ አዲስ ሲል፣ አዲስ ዘይት፣ ሁሉን ገጠምኩ፣ አበራች። ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ስሄድ ግን መሪው እጄ ላይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ጎማውን ባላንስ አስደረግኩ። ኩሽኔታ ቀየርኩ። ሁለት ወር ሙሉ ያላየሁት ነገር ምን መሰለህ? ሁለቱን ቱቦዎች አቅፎ የሚይዘው የታችኛው መያዣ ተጣምሞ ነበር። በዓይን አይታይም። ቱቦው ቀጥ ያለ ነው፣ የያዘው እጅ ግን ጠማማ ነው።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። ጎማውን አውጣ፣ ፓራፋንጎውን አውጣ፣ አዲሶቹን ቱቦዎች ብቻ በላይኛውና በታችኛው መያዣ አስገብተህ እሰር። ከዚያ ከፎቶ ፍሬም ላይ መስታወት ነቅለህ ሁለቱ ቱቦዎች ላይ ከፊት በኩል አስተኛው። አራቱም ማዕዘን ካረፈ ሁለቱ ቱቦዎች አንድ ላይ ናቸው። አንዱን ማዕዘን በጣትህ ስትነካው ቀጭ ቀጭ ካለ መያዣው ተጠማዟል። እኔ ይህን ያወቅኩት አንድ ሽማግሌ መካኒክ የራሱን የሠርግ ፎቶ ከግድግዳ አውርዶ ሲያሳየኝ ነው። ሚስቱ ምን እንዳለች አልነግርህም።

ከመያዣው በላይ ደግሞ የሻንሲው አንገት አለ፣ መሪው የሚዞርበት። ታንከሩን አንሳና በባትሪ መብራት እይ። አንገቱ ከታችኛው ቱቦ ጋር በተበየደበት አካባቢ ቀለሙ ተሰነጣጥቆ ወይ ተላልጦ ካየህ፣ ወይም ሥሩ ያለው የሻንሲ ቱቦ እንደ ሆድ ወጣ ብሎ ከሆነ፣ ነገሩ የፎርክ አይደለም። እዚያ ላይ ማንም በገዛ እጁ መሞከር የለበትም፣ ሻንሲ የሚለካ ቤት ነው የሚሄደው።

አሮጌ_ሆንዳ

ቢኤም_ወዳጅ እህቴ አመሰግናለሁ፣ ቶርኖ ቤት አንተም። ታንከሩን አነሳሁ። ቀለሙ ደህና ነው፣ ስንጥቅ የለም። ቱቦዎቹን አወጣኋቸው። ግራው ጥፍሬን ያዘኝ። ቀኙ አልያዘኝም። ቀኙን ብቻ አቃንቼ ግራውን አዲስ ብገዛስ?

ቶርኖ_ቤት

አይ፣ ጥንዱን ግዛ። አንዱ አሮጌ አንዱ አዲስ ከሆነ እንቅስቃሴያቸው አይመሳሰልም፣ ፎርኩ ይያያዝብሃል። ቀኙን ለማስተማሪያ ያዘው።

አዲስ ሲመጣም ሳትለካ አትግጠም፣ አዲስ ማለት ቀጥ ያለ ማለት አይደለም፣ መንገድ ላይ ስንት ካርቶን ተጭኖት እንደመጣ ማን ያውቃል። ቪ መደገፊያና ዳያል ጌጅ (ባለ መርፌ መለኪያ) ካለህ እያሽከረከርክ ለካ። የሚያሳስተው እዚህ ጋ ነው፦ ጌጁ የሚያሳይህ የጉብጠቱን እጥፍ ነው። መርፌው 0.4 ሚሊሜትር ከሄደ ቱቦው የጎበጠው 0.2 ነው። ብዙ የሆንዳ ማኑዋሎች ወሰናቸው 0.2 ነው፣ አንተ የሞዴልህን ማኑዋል እይ። ጌጅ ከሌለህ ወፍራም የጠረጴዛ መስታወት ላይ አንከባለው፣ ከሥሩ ብርሃን ብቅ ጥልቅ ካለ ጎብጧል።

ሰነድ_ይዘህ_ና (አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ)

እኔ መካኒክ አይደለሁም፣ የመኪና ጉዳት ካሳ ሥራ ላይ ለዓመታት ነበርኩ። ስለ ኢንሹራንሱ ብቻ ልናገር።

አንደኛ፣ ሜሪላንድም ቨርጂኒያም ውስጥ ሕጉ ጨካኝ ነው። ለአደጋው አንተም ትንሽ፣ 1 ከመቶ እንኳ፣ አስተዋጽኦ አድርገሃል ከተባለ ካሳውን ሙሉ በሙሉ ልታጣ ትችላለህ። ስለዚህ ስልክ ላይ «ምናልባት ትንሽ ፈጥኜ ነበር» ምናምን የሚል የሐበሻ ትሕትና እንዳታመጣ። የፖሊስ ሪፖርቱን አውጣ፣ የተፈጠረውን ብቻ ተናገር።

ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው ቁጥር የመጨረሻው አይደለም። እነሱ ያዩት 50 ዓመት የሞላው አሮጌ ሞተር ነው። አንተ የምታሳያቸው ያው ሞዴል፣ ያው ዓመት፣ ተመሳሳይ ሁኔታ ላይ ያለ ሞተር በቅርቡ ስንት እንደተሸጠ ነው። አራት አምስት ማስታወቂያ ሰብስብ፣ የገዛኸውን ዕቃ ደረሰኝ፣ ከአደጋው በፊት የተነሳ ፎቶ ጨምር። ቶታል ቢሉም ሞተሩን ማስቀረት ትችል እንደሆነና ሊብሬው ላይ ምን እንደሚጻፍ ሳትፈርም በፊት ጠይቅ። የተደበቀ ጉዳት፣ ቢኤም_ወዳጅ እንዳለችው መያዣ ያለ፣ ከፈረምክ በኋላ ብታገኝ ማንም አይሰማህም። ስለዚህ ፈትተህ፣ ለክተህ፣ ፎቶ አንስተህ ነው የምትፈርመው።

ለወደፊቱ ደግሞ ለአሮጌ ሞተር ዋጋው ቀድሞ በስምምነት የሚጻፍበት ኢንሹራንስ አለ፣ እሱን ግባ።

አሮጌ_ሆንዳ

የሦስት ሳምንት ዜና ይዤ መጣሁ።

ኢንሹራንሱ ማስታወቂያዎቹን ስልክላቸው ዝም አሉ፣ ከዚያ የመጀመሪያውን ቁጥር ወደ እጥፍ አካባቢ አሳደጉት። ሞተሯ እኔ ጋ ቀረች። አዲስ ቱቦዎች መጡ፣ ለካሁ፣ ሁለቱም ንጹህ። የፎቶ ፍሬም መስታወት አስተኛሁ... ቀጭ ቀጭ አለች! እህቴ ነቢይ ነሽ። የታችኛው መያዣ ነው። ያገለገለ ግን ያልተጋጨ አገኘሁ፣ አሁን መስታወቱ እንደ ጠረጴዛ ተኝቷል። ቸርኬውን ጨረሩን ፈትቶ አዲስ ላይ የሚሠራልኝ ሰው ሰጥቻለሁ።

አሁን ሁለት ጥያቄ። ስገጥም ሁለቱ እግሮች እንዳይጣመሙ ምን ላድርግ? ዘይቱስ?

ቶርኖ_ቤት

ዘይቱ መጠኑ ማኑዋሉ ላይ አለ፣ በሁለቱም እግር እኩል ይሁን፣ ከመጠኑ ይልቅ እኩልነቱ ነው የሚያስቸግረው። ሁለቱንም ሞላዎች ሳታስገባ፣ ቱቦውን እስከ ታች ገፍተህ፣ ከአፉ እስከ ዘይቱ ድረስ በሽቦ ለክተህ አመሳስል። ከመለካትህ በፊት ቱቦውን ደጋግመህ ወደ ላይ ወደ ታች አንቀሳቅሰው፣ አየሩ ይውጣ።

ስትገጥም ደግሞ ሁሉንም ብሎን ለቀቅ አድርገህ ነው። የጎማውን ብረት አስገባ፣ የታችኛውን መያዣ ብቻ ያዝ አድርግ፣ ሞተሯን ከማቆሚያዋ አውርዳትና የፊት ፍሬን ይዘህ አምስት ስድስት ጊዜ በክብደትህ ተጫናት። እግሮቹ ራሳቸው ቦታቸውን ያገኛሉ። ከዚያ ነው ከታች ጀምረህ ወደ ላይ የምታጠብቀው። በዚሁ የመሪውን ኩሽኔታም ቀይር፣ ከተጋጨ በኋላ ኩሽኔታው መቀመጫ ላይ የጥይቶቹ፣ የትንንሾቹ ብረት ኳሶች፣ ምልክት ይቀራል፣ መሪው ቀጥ ሲል ጉድጓድ ውስጥ እንደገባ ቆም ይላል።

አሮጌ_ሆንዳ

እሱንማ ፈትቼዋለሁ፣ ልክ እንዳልከው ምልክቱ አለ። ግን ይህች ሞተር ኩሽኔታዋ እንደ አሁኖቹ አንድ ላይ የተያያዘ አይደለም፣ የተበተነ ጥይት ነው፣ ከላይና ከታች በድምሩ 37። የታችኛውን ስፈታ በግራሶ የተያዘው ሁሉ ወለል ላይ ተበተነ። ማታ በማግኔት ስለቅም 36 ነው ያገኘሁት። ፍሪጁን ከቦታው አነሳሁ። ሚስቴ ተኝታ ነበር፣ አሁን አልተኛችም።

ቢኤም_ወዳጅ

አሮጌውን ጥይት ምን ልታደርገው ነው? ምልክት ካለ መቀመጫውም ጥይቱም አብሮ ነው የሚቀየረው፣ 37 አዲስ እዘዝ። ወይ ደግሞ ሾጣጣ ኩሽኔታ ግጠም፣ ለዚች ሞተር የሚሆን ይሸጣል፣ ከጥይት ለቀማም ትገላገላለህ።

አሮጌ_ሆንዳ

ሾጣጣውን አዘዝኩ። 37ኛዋ ጥይት ዛሬ ጠዋት የልጄ ጫማ ውስጥ ተገኘች፣ ትምህርት ቤት ሄዶ ነው የደወሉልኝ።