«ዳሜጅ ሪዳክሽን» በአማርኛ ምን ይባል?

መቃ-ብዕር፦
ሰላም ለቤቱ። የዋርሃመር 40,000ን አጭር ሕግ ለጓደኞቼ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ለማያውቀው፣ ቀለም የተቀቡ ትንንሽ ምስሎች ጠረጴዛ ላይ ተሰልፈው በዳይስ የሚዋጉበት ጨዋታ ነው፤ የአሻንጉሊት ጦርነት የሚለኝ ቢኖርም አልቀየምም። ሌላውን እንደምንም ገፋሁት፣ «ዳሜጅ ሪዳክሽን» ላይ ስደርስ ግን ብዕሬ ቆመ። «ጉዳት ቅነሳ» ብዬ ጽፌ ሳነበው «ድህነት ቅነሳ» ከሚል የመሥሪያ ቤት ዕቅድ ላይ የተቀዳ መሰለኝ። ጓደኞቼ ደግሞ ትጥቁንም፣ ቅነሳውንም፣ «ፊል ኖ ፔይን» የሚባለውንም አንድ ላይ «መከላከያ» ብለው ይጠሩና መሀል ጨዋታ ላይ ንትርክ ይነሣል። ቃል ያላችሁ ወዲህ በሉ።

ስድስት-ፊት፦
መቃ፣ ቃሉን ከመፈለግህ በፊት ነገሩ የት ላይ እንደሚገባ ይለይ። ጨዋታው ከእንግሊዟ ኖቲንግሃም ከተማ ከጌምስ ዎርክሾፕ በ1987 የወጣ ነው፤ እኔ የምነግርህ በ2023 በወጣው በ10ኛው እትም ነው።

ላስካነን በሚባል መሣሪያ ሬደምፕተር ድሬድኖት የሚባለውን ባለ እግር ብረት ለበስ ተኮስክ እንበል። በመጀመሪያ መምታትህን ዳይስ ይወስናል፤ ከሳትክ አለቀ። ከመታህ የመሣሪያው ኃይልና የዒላማው ጥንካሬ ይተያያሉ፦ ላስካነኑ 12፣ ድሬድኖቱ 10 ስለሆነ 3 ወይም ከዚያ በላይ ካወጣህ ጎድተኸዋል። አሁን ዳይሱ ወደ ባላጋራህ እጅ ይሄዳል። የድሬድኖቱ ትጥቅ 2+ ነው፤ ማለትም እንደወትሮው ቢሆን ከ1 በቀር የትኛውም ቁጥር ያድነው ነበር። ላስካነን ግን ብረት የሚበሳ ነውና 3 ያጎድልበታል፤ ስለዚህ 5 ወይም 6 ማውጣት አለበት። አላወጣም። ጉዳቱ የሚቆጠረው ገና አሁን ነው። የላስካነን ጉዳት የአንድ ዳይስ ውጤት ሲደመር 1 ነው፤ ዳይሱ 4 ካለ 5 ይሆናል። የድሬድኖቱ ልዩ ችሎታ እዚህች ላይ ይገባና 1 ያነሣለታል። 4 ይቀራል። 12 ላይፍ (አልቆ ዜሮ ሲገባ ምስሉ የሚወድቅበት ቁጥር) ከነበረው 8 ቀረው።

ትጥቁ የሚመልሰው ምቱ ገባ ወይስ አልገባም የሚለውን ጥያቄ ነው። ቅነሳው የሚመጣው ከገባ በኋላ ነው፤ ምን ያህል ገባ ለሚለው። ደግሞም ከ1 በታች አያወርድም። ጉዳቱ 1 የሆነ ጠብመንጃ ድሬድኖቱን ካገኘውና ትጥቁን ካለፈ ያው 1 ይወስድበታል።

ቀለም-ቀንድ፦
ልጆች፣ ነገሩ ይህን ያህል ደረጃ ካለው «መከላከያ» ብቻውን አይሸከመውም። አማርኛ ደግሞ በጦር ነገር ቃል አይቸግረውም።

በመጀመሪያ ትጥቅ የምትሉትን ተዉት። ትጥቅ ጠብመንጃውንም ዝናሩንም ጎራዴውንም ይጠቀልላል፤ «ትጥቅ ፍታ» የተባለ ሰው የሚያስረክበው የደረት ብረቱን ብቻ አይደለም። ለሚለበሰው ብረት «ጥሩር» የሚባል የከበረ ቃል አለን። ኤፌሶን ምዕራፍ 6ን ያነበበ «የጽድቅን ጥሩር» ያውቃል፤ ጋሻውና የራስ ቁሩም እዚያው አጠገቡ አሉ። ጥሩሩ ያስቀረውን ምት «መከተ» በሉት። መከታ የሚለውም ከዚሁ ግስ የወጣ ነው።

ገብቶ ለተቀነሰው ምት እኔ «ሸረፈ» እላለሁ። የሲኒ አፍ ሲቆረስ ተሸረፈ እንላለን፣ ጥርሱ የጎደለ ሸራፋ ነው፣ ትርፍራፊዋ ሳንቲም ሽርፍራፊ ናት። ከሙሉው ላይ ጥቂት መገመስ ማለት ነው። «ድሬድኖቱ ምቱን ሸረፈው»። ከ«ጉዳት ቅነሳ» ይልቅ ለጆሮ አይቀልም?

ስድስት-ፊት፦
ጋሼ፣ ጥሩርን ወስጃለሁ። አንድ ነገር ግን ልጨምርልዎ፦ ከጥሩሩ ሌላ «ኢንቨልነረብል ሴቭ» የሚባል አለ። ይህኛውን ብረት በሺ መሣሪያ አያጎድልበትም፤ 4+ ከሆነ ሁልጊዜም 4+ ነው። ከአስማት ወይም ከማይታይ የኃይል ጋሻ የሚመጣ ነው።

ቀለም-ቀንድ፦
እሱማ ክታብ ነዋ! በድሮው ዘመን «ጥይት አያገኘውም» የሚባልለት ሰው አንገቱ ላይ የሚያስረው። የጥይቱ ዓይነት ለክታብ ልዩነት የለውም። (መሪጌቶች ይቅር ይበሉኝ።)

ወይራ፦
ጋሼ፣ ሸረፈ ደስ ይላል፣ ግን ፍራት አለኝ። «ድሬድኖቱ ተሸረፈ» ብሎ የሚጽፍ አይጠፋም፤ ያን ጊዜ ለሰው የሚገባው ብረቱ መቆረሱ ነው፣ ፍቺው ተገለበጠ ማለት ነው። ስድስት-ፊት ደግሞ እስቲ ይቺን አስረዳኝ፦ አንድ መቀነስ ምን ያህል ነገር ሆኖ ነው ተጫዋቹ ሁሉ የሚያማርረው?

ስድስት-ፊት፦
ወይራ፣ አንዷ ቁጥር የት ላይ እንደምታርፍ ነው ዋናው። ሄቪ ቦልተር ጉዳቱ 2 ነው። ባለ 12 ላይፉን ድሬድኖት ለመጣል ጥሩሩን ያለፉ 6 ምቶች ይበቁት ነበር፤ አንድ ሲቀነስበት 12 ምት ይፈልጋል። እጥፍ ሆነ። አውቶካነን 3 ነው፤ ከ4 ምት ወደ 6 ይሄዳል። ጉዳቱ 6 ለሆነው ደግሞ 2 የነበረው 3 ይሆናል። ጉዳቱ 1 የሆነውን፣ ቅድም እንዳልኩት፣ አይነካውም። ስለዚህ መቀነሱ ክፉኛ የሚጎዳው ባለ 2 መሣሪያ የያዘውን ነው፤ ያማረረውን ተጫዋች ጠይቂው፣ ሠራዊቱ በባለ 2 የተሞላ ሆኖ ታገኚዋለሽ።

የተቀናቃኙ የላይፍ ብዛትም ይገባበታል። አንድ ምስል ላይፉ 2 ሆኖ የ3 ጉዳት ቢያርፍበት፣ ተሸርፎ 2 ቢሆንም ያው ይሞታል። ከላይፉ የተረፈው ጉዳት ወደ ጎረቤቱ አይሻገርም፣ ይባክናል። ስለዚህ ሸረፋው እዚያ ላይ ከሚባክነው ላይ ነው የሸረፈው፤ ምንም አላዳነም። ላይፉ 3 የሆነ ቴርሚኔተር ላይ ቢሆን ግን ያቺው አንድ ቁጥር ነፍስ ታተርፋለች።

ጥሩ ማሳያ ዴዝ ጋርድ ነው፣ በሽታ ያደነደነው ሠራዊት። በ8ኛው እትም ለምትጠፋ ለእያንዳንዷ ላይፍ ዳይስ ይወረውሩና 5 ወይም 6 ሲወጣ ያድኗት ነበር። በ2021 የወጣው የ9ኛው እትም መጽሐፋቸው ያንን አንሥቶ ከእያንዳንዱ ምት ጉዳት 1 መቀነስ አደረገው፤ ተራ ወታደሮቻቸው ፕሌግ ማሪኖችም ከ1 ላይፍ ወደ 2 ወጡ። ችሎታው ስሙን አልቀየረም፣ ጨዋታው ግን ሌላ ሆነ። በፊት ተራ የጠብመንጃ ጥይት እንኳ አንድ ሦስተኛው ይመክን ነበር፤ በ9ኛው ግን አንዱም አይመክንም ነበር። በአንጻሩ ባለ 2 ጉዳት መሣሪያ ፕሌግ ማሪንን በአንድ ምት መጣል አቃተው። ዳይስ እየለቀሙ መወርወሩም ቀረ፤ ለእኔ ትልቁ ትርፍ እሱ ነው።

መቃ-ብዕር፦
ታዲያ ያ የድሮው፣ ለእያንዳንዷ ላይፍ የሚወረወረው፣ «ፊል ኖ ፔይን» የሚሉት ነው አይደል? «ሕመም አይሰማህ» ብዬዋለሁ፣ ግን ሥርዐተ ጸሎት መሰለብኝ።

ስድስት-ፊት፦
አዎ፣ ዛሬ በዚያ ስም የሚጠራው ነው። የሚገባውም ከሁሉ በኋላ ነው፦ ምቱ ተሸርፎ የቀረው ጉዳት በቁጥሩ ልክ ዳይስ ይወረወርለታል። 3 ጉዳት ከቀረ 3 ዳይስ ነው። 5+ ከሆነና 5፣ 2፣ 6 ከወጣ ሁለቱ ተረፉ፣ አንዷ ሄደች። ሸረፋ ቁርጥ ነው፤ ይህኛው ዕድል ነው።

ቀለም-ቀንድ፦
«ቻለው» ነዋ። ምቱ ገብቷል፣ አጥንቱ ድረስ ተሰምቶታል፣ ግን ቻለው። «ሁለቱን ቻለ፣ አንዱን አልቻለም» ስትል የዳይሱን ውጤት ቁጭ አደረግኸው። ስሙን «ቻይነት» በለው፤ ቻይ ሰው የሚባለው የማይመታ ሰው አይደለምና።

የወይራ ፍራት ተገቢ ነው፤ መድኃኒቱ ግን ተሳቢውን አለመጣል ነው። ሁልጊዜ «ምቱን ሸረፈው» ይባል። «ተሸረፈ» ካላችሁም ባለቤቱ ምቱ ይሁን።

ወይራ፦
ቻይነትን ፈርሜበታለሁ። ሸረፋ ላይ አሁንም ልቤ አልሞላም፤ የሚያነሣው 1 ሲሆን ይሁን፣ ግማሹን የሚያስቀረውንስ ሸረፈ ልንለው ነው? ግማሹ የሄደ ዳቦ ተሸረፈ አይባልም።

ስድስት-ፊት፦
እሱንም በአንድ ቃል መጥራት አይገባም፣ ሕጉም ለይቷቸዋል። ሲታን የሚባሉት፣ የኔክሮን ሠራዊት የታሰሩ አማልክት፣ በእያንዳንዱ ምት ጉዳቱን ለሁለት ይከፍላሉ፤ ጎዶሎ ከሆነ ወደ ላይ ይጠጋጋል። ትንንሹ ላይ ከሸረፋ አይለይም፦ 2 ወደ 1፣ 3 ደግሞ ወደ 2 ይወርዳል። ልዩነቱ ትልልቁ ላይ ነው። 6ን ሸራፊው 5 ሲያደርገው ሲታኑ 3 ያደርገዋል። ድሬድኖትን በጥቂት ትልልቅ ምቶች መጣል ያዋጣል፤ ሲታን ላይ ግን ያው ትልቅ ምት ግማሹ ይሟሟል።

ቀለም-ቀንድ፦
ለሱ «አጋመሰ»። ሥራውን አጋመሰው፣ ጠርሙሱን አጋመሰው እንላለን፤ የቀረው ግማሽ መሆኑን ማንም ያውቃል።

መቃ-ብዕር፦
ጥሩር መከተ፣ ችሎታ ሸረፈ ወይም አጋመሰ፣ ቻይ ቻለ። ይሄ ይሄዳል። አሁን የቀረኝ «ሞርታል ውንድ» ነው። «ገዳይ ቁስል» ብዬ ጽፌዋለሁ።

ስድስት-ፊት፦
እንዳታሳትመው! አንዱ ሞርታል ውንድ አንድ ላይፍ ብቻ ነው የሚወስደው፤ 12 ላይፍ ያለውን ምን ሊገድለው? ስሙ ያስፈራራል እንጂ ልዩነቱ ሌላ ነው፦ ጥሩርም ክታብም አይመክተውም። ሸረፋም አያገኘውም፤ ሸረፋ የሚቀንሰው የምቱን የጉዳት ቁጥር ነው፣ እያንዳንዱ ሞርታል ውንድ ደግሞ ለብቻው አንድ ጉዳት ነው። ከአንድ ወዴት ይወርዳል? ቻይነት ብቻ ይሠራበታል።

ወይራ፦
«ዘልቆ ገብ» ቢባልስ?

ቀለም-ቀንድ፦
ዘልቆ ገብ ቅድም ብረት የሚበሳ ለተባለው ቢቀመጥ ይሻላል። ለዚህኛው «መከታ የለሽ» በሉ። ጉዳቱ ትንሽም ትልቅም ቢሆን ስሙ አይዋሽም።

መቃ-ብዕር፦
ይሁን። አንድ የሒሳብ ጥያቄ ብቻ፣ ባለፈው ጠረጴዛ ያስነሣን። አንድ ምስል ማጋመስም ሸረፋም ቢኖረው የቱ ይቅደም?

ስድስት-ፊት፦
ሕጉ ቁርጥ ነው፦ ማካፈል፣ ከዚያ ማባዛት፣ ከዚያ መደመር፣ መጨረሻ ላይ መቀነስ፤ ማጠጋጋቱ ሁሉም ካለቀ በኋላ። ጉዳቱ 6 ከሆነ ተጋምሶ 3፣ ተሸርፎ 2 ነው። ብትገለብጠው 5 ሆኖ ሲጋመስ ሁለት ተኩል፣ ተጠጋግቶ 3 ይመጣልሃል። አንድ ላይፍ ልዩነት አለው።

ይኸው ሥርዐት ተኳሹንም የሚጠቅምበት አለ፣ ብዙ ሰው የሚረሳው። ሜልታ የሚባለው መሣሪያ ከዒላማው በግማሽ ርቀቱ ውስጥ ሲሆን ጉዳቱ ላይ 2 ይጨመርለታል። ሲታንን ተጠግተህ ተኩሰህ ዳይሱ 6 ቢወጣ፣ ብዙው ተጫዋች 8 ብሎ አጋምሶ 4 ይላል። በሕጉ ግን 6 ይጋመስና 3 ይሆናል፣ ከዚያ 2 ይደመራል፣ 5። የላስካነኗ ሲደመር 1 ግን እንዲህ አትቆጠርም፤ እሷ ከመሣሪያው የጉዳት ቁጥር ጋር አብራ የተጻፈች ናት። ዳይሱ 6 ካለ 7 ነው የሚጋመሰው፣ ተጠጋግቶ 4።