ተራው ሰው የመንግሥትን ሥራ ሲሠራ እናጨብጭብ ወይስ እንቆጣ?

አወያይ፦
የዛሬው ጥያቄ ቀላል ይመስላል፤ ሰሞኑን ግን ሁለት ጓደኛሞችን ሊያኳርፍ ነበር። በአፍሪካ ተራ ሰዎች ደን ሲያለሙ፣ ወላጅ አልባ ልጆች ሲያሳድጉ፣ ጎጂ ልማድ ሲያስቀሩ እናደንቃለን። አንደኛው «ለውጥ ማለት ይሄ ነው» አለ። ሌላው «እናንተ ስታጨበጭቡ መንግሥት ተኝቷል» ብሎ መለሰ። እናንተስ? ስድብ ክልክል ነው።

ነርሷ፦
እኔ ከአጨብጫቢዎቹ ነኝ። ዶክተር ቦጋለች ገብሬን አስቡ። የሴት ልጅ ግርዛትን ለማስቀረት እ.ኤ.አ. በ1997 ከንባታ ውስጥ ድርጅት አቋቋሙ። ስለ ኤች አይ ቪ ሊያስተምሩ ሲሄዱ የአገሬው ሰው መጀመሪያ የጠየቃቸው ድልድይ ነበር። ልጁ ወደ ትምህርት ቤት፣ ነጋዴው ወደ ገበያ የሚሻገርበት። ድልድዩ ተሠራ። ጆሮ ያገኙት ከዚያ በኋላ ነው። በ2002 አንዲት ሙሽራ «አልተገረዝኩም» የሚል ጽሑፍ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ በአደባባይ ተዳረች። ሙሽራውም ያልተገረዘች ማግባቱን የሚናገር ጽሑፍ አንጠልጥሎ ነበር። ግርዛትን የሚከለክለው የወንጀል ሕግ የጸናው በ2005 ነው። ሠርጉ ሕጉ እስኪወጣ አልጠበቀም።

ተጠራጣሪው፦
እህቴ፣ እዛ ድልድይ ላይ ቁሚልኝ። ድልድይ መሥራት የማን ሥራ ነው? ይሄን በጠየቅኩ ቁጥር ጨለምተኛ እባላለሁ።

ያኩባ ሳዋዶጎን የሚያውቅ አለ? የቡርኪና ፋሶ ገበሬ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ድርቁ ሲጠና ሰው መንደሩን ጥሎ ይሄድ ነበር። እሱ ግን በበጋ ደረቁን መሬት እየቆፈረ ጉድጓዱ ውስጥ ፍግ ይጨምር ጀመር። ዘዴውን ዛይ ይሉታል። ፍጉ ምስጥ ይጠራል፣ ምስጡ መሬቱን ይበሳሳዋል፣ ዝናብ ሲመጣ ውሃው ወደ ውስጥ ይሰርጋል። ጎረቤቶቹ «አብዷል» አሉ። ማሽላው ሲበቅል ዝም አሉ። ዛፍም ተከተለ፤ ውሎ አድሮ ከ20 ሄክታር በላይ ደን ሆነ። ተራኪዎቹ እዚህ ላይ ያቆማሉ። ከዚያስ? አጠገቡ ያለው ከተማ ሲሰፋ የደኑ መሬት ለቤት መሥሪያ ተሸነሸነ። በ2018 ሰውዬው ዓለም አቀፍ ሽልማት አገኘ። ደስ ይላል። ሽልማት ግን የይዞታ ካርታ አይሆንም።

ሕግ ተማሪ፦
ሁለታችሁም ግማሹን ነው የያዛችሁት።

በደቡብ አፍሪካ እ.ኤ.አ. በ1998 ትሪትመንት አክሽን ካምፔይን የሚባል ንቅናቄ ተጀመረ። ከአባላቱ ብዙዎቹ ኤች አይ ቪ በደማቸው ያለ ድሃ ሴቶች ነበሩ። ኔቪራፒን የተባለው መድኃኒት ቫይረሱ ከእናት ወደ ልጅ እንዳይተላለፍ ይረዳል። አምራቹ ኩባንያ ለ5 ዓመት በነፃ ልስጥ ብሎ ነበር። መንግሥት ግን በየክፍለ ሀገሩ ከ2 ቦታ በቀር አይታደልም አለ። ሰዎቹ «ኤች አይ ቪ ፖዘቲቭ» የሚል ቲሸርት ለብሰው ሰልፍ ወጡ። ከመሥራቾቹ አንዱ ዛኪ አክማት፣ መድኃኒቱ ለድሃው ካልደረሰ እኔም አልወስድም ብሎ ሕይወቱን አስይዞ ቆየ። ንቅናቄው መንግሥትን ከሰሰ፤ በ2002 ሕገ መንግሥታዊው ፍርድ ቤት ፈረደለት።

ያ ቲሸርትና የከንባታዋ ሙሽራ ጽሑፍ ለእኔ አንድ ናቸው። ልዩነቱ፣ ቲሸርቱ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዷል።

የእድር ጸሐፊ፦
ልጆች፣ እኔ እንደናንተ አልተማርኩም። እድራችን የተቋቋመው ለቀብር ነው። በኤድስ ጊዜ ድንኳን ከመትከል ፋታ አጣን። ያኔ «ሰው እስኪሞት ለምን እንጠብቃለን?» ብለን በሽተኛ ማስታመም፣ የሟች ልጆችን ማልበስ ጀመርን። ማንም አላዘዘንም።

አሁን ደግሞ በየክረምቱ የሚደፈን የጎርፍ መውረጃ ቦይ አለ። 3 ጊዜ አዋጥተን አሠራነው። ለወረዳው ስናመለክት ምን ተባልን መሰላችሁ? «እናንተማ ጎበዞች ናችሁ፣ ራሳችሁ ትወጡታላችሁ።» የምስጋና የምስክር ወረቀትም ሰጡን። በፍሬም።

ስለዚህ ተጠራጣሪው ልጄ ያለው ያመኛል። ጎርፉ ግን የእናንተ ክርክር እስኪያልቅ አይጠብቅም።

ነርሷ፦
ጋሼ፣ በፍሬም የሚለው ገደለኝ።

እስቲ የዚምባብዌን ዋና ከተማ ሐራሬን እዩ። የአንድ የአእምሮ ሐኪም፣ የዲክሰን ቺባንዳ፣ ታካሚ ወደ ሆስፒታል የምትመጣበት የአውቶቡስ ሂሳብ አጥታ ራሷን አጠፋች። አገሩ ውስጥ የአእምሮ ሐኪም በጣት የሚቆጠር ነበር። እሱም እ.ኤ.አ. በ2006 ከ14 ሴት አያቶች ጋር የምክር አገልግሎት ጀመረ። አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብለው የሰው ጭንቀት ያዳምጣሉ። ጭንቀቱን በሾና ቋንቋ «ብዙ ማሰብ» ይሉታል። እኛስ «ሐሳብ በዝቶበት ነው» እንል የለ? መንግሥት እስኪነቃ ቢጠበቅ ስንቱ ባለቀ ነበር።

ተጠራጣሪው፦
ወንበሩ የተቀመጠው የት ነው? ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ። አያቶቹም ቀድመው የከተማው ጤና አገልግሎት በጎ ፈቃደኞች ነበሩ። ነጥቡ የእኔ ነው።

ነርሷ፦
ውሰደው። ሐሳቡ ግን ከስብሰባ አዳራሽ አልመጣም።

ሕግ ተማሪ፦
መንግሥት ሲተኛ ብቻ ሳይሆን ሲነቃም ያስፈራል። የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ፣ አዋጅ 621፣ ትዝ ይላችኋል? እ.ኤ.አ. በ2009 ወጣ። ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በሰብአዊ መብት ላይ እንዳይሠራ አገደ። በ2019 በአዋጅ 1113 እስኪተካ 10 ዓመት ቆየ። ትርጉሙ «የራበውን አብላ፣ ለምን እንደራበው ግን አትጠይቅ» ነበር። የምታጨበጭቡ ሰዎች፣ ለየትኛው ሥራ እንደሚጨበጨብና የትኛው እንደሚታገድ ልብ በሉ።

የእድር ጸሐፊ፦
ታዲያ ወረዳውን እንክሰስ ነው የምትለኝ? ለቦይ?

ሕግ ተማሪ፦
አይደለም ጋሼ። መጀመሪያ ደብዳቤ ነው። 3 ጊዜ ያዋጣችሁበትን ደረሰኝ አያይዙና፣ ቦዩን የማስጠገን ኃላፊነት የማን እንደሆነ በጽሑፍ እንዲመልሱ ጠይቁ። ረቂቁን እኔ እጽፍልዎታለሁ።

የእድር ጸሐፊ፦
ደረሰኝማ ሞልቷል። የእድር ደረሰኝ መቼ ጠፍቶ ያውቃል?

ተጠራጣሪው፦
የምስክር ወረቀቱንም ኮፒ አድርገው ያያይዙት። ከነፍሬሙ።