የማግኖሊያዬ ቅጠል ቢጫ እየሆነ ይረግፋል፤ ምን ላድርግ?

አዲስ ተካይ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ማግኖሊያ ግራንዲፍሎራ የሚባለውን፣ ደቡባዊውን ማግኖሊያ፣ ግቢዬ ውስጥ ተክያለሁ። ጥሩ ይዞልኝ ነበር፤ አሁን ቁመቱ ከእኔ ይበልጣል። ጸደይ ከገባ ወዲህ ግን ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ በየቀኑ ይረግፋል። ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ ነው ሲባል ነበር የሰማሁት። ጎረቤቴ "ዙሪያውን ቆፍረሽ ማዳበሪያ አግቢበት" ትለኛለች። ባለቤቴ ደግሞ የታች ቅርንጫፎቹ ተቆርጠው ሥሩ አበባ ቢተከል ደስ ይለዋል። እስካሁን አንድም ጊዜ አላበበም። እየሞተብኝ ይሆን? የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

የዛፍ ወዳጅ፦

እህቴ፣ አይዞሽ። በቅድሚያ ዶማውን አስቀምጪ። ሌላው ሁሉ ይደርሳል፤ መቆፈሩ ግን ይቅር።

የዚህ ዛፍ ሥር አብዛኛው ያለው ከላይኛው አፈር ውስጥ ነው። ወፍራምና ሥጋ ያለው፣ ገመድ የሚመስል ሥር ነው። ቅርንጫፎቹ ከሚደርሱበት አልፎ ይዘረጋል። አንዴ ከተቆረጠ ቶሎ አይተካም። ዙሪያውን በዶማ ስትቆፍሪ ዛፉ የሚበላበትንና የሚጠጣበትን እየቆረጥሽ ነው ማለት ነው። ከሥሩ አበባ መትከልም ያው መቆፈር ነው፤ ለዚያውም በየወቅቱ።

ወደ ቅጠሉ ልምጣ። የማግኖሊያ አንድ ቅጠል ዛፉ ላይ የሚቆየው ሁለት ዓመት ገደማ ነው። በጸደይ አዲሱ ሲወጣ አሮጌው ቢጫ፣ ከዚያም ቡናማ ሆኖ ይወርዳል። ዓመቱን ሙሉ አረንጓዴ የሚባለው ዛፉ እርቃኑን ስለማይቀር ነው። ስለዚህ ቢጫ የሆነው የትኛው ቅጠል ነው? ወደ ግንዱ ጠጋ ያሉት የውስጥ ቅጠሎች ከሆኑ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ አዲስና የሚያብረቀርቅ ቅጠል ካለ፣ ዛፍሽ ጤነኛ ነው። ጫፍ ላይ ያለው አዲሱ ቅጠል ገርጥቶ ጅማቱ ብቻ አረንጓዴ ከሆነ ግን ነገሩ የአፈር ነው። ይህ ዛፍ ትንሽ አሲዳማ አፈር ይወዳል፤ ፒኤቹ (የአሲዳማነት መለኪያው፤ ቁጥሩ ሲያንስ አሲዱ ይበዛል) ከ5.5 እስከ 6.5 ቢሆን ይስማማዋል። ኖራ የበዛበት አፈር ውስጥ ብረት ቢኖርም ሥሩ መውሰድ ያቅተዋል።

አበባውን በተመለከተ፣ ችግኙ እንዴት እንደተፈላ ማወቅ አለብሽ። ከዘር የበቀለ ከሆነ አስር ዓመትና ከዚያም በላይ ሊያስጠብቅሽ ይችላል። ግራፍት የተደረገ፣ ማለትም ካበበ ዛፍ የተወሰደ ቅርንጫፍ በሌላ ችግኝ ላይ የተዳቀለበት፣ ወይም ከቅርንጫፍ ቁራጭ የተፈላ ከሆነ በጥቂት ዓመታት ያብባል። "ሊትል ጄም" የሚባለው አነስተኛ ዝርያ በልጅነቱ ነው የሚያብበው። ናይትሮጅን የበዛበት ማዳበሪያ ቅጠል እንጂ አበባ አያመጣልሽም። ሲያብብ ግን መጠበቅሽን ትረሺዋለሽ። አንዱ አበባ ከ20 እስከ 30 ሳንቲሜትር ይሰፋል፤ ሽታው ሎሚ ሎሚ ይላል። ጠጋ ብለሽ ውስጡን ካየሽ ጥንዚዛ ታገኚ ይሆናል። የማግኖሊያ ዘር ማንዘር ንቦች ከመምጣታቸው በፊት የነበረ ነው፤ እስከ ዛሬም የአበባ ዱቄቱን በዋነኛነት የሚያዛምቱለት ጥንዚዛዎች ናቸው። እኔ ይሄን ዛፍ የምወደው በዚህም ጭምር ነው።

የታች ቅርንጫፎቹንም ተይለት። መሬት ድረስ ሲወርዱ ሥሩን ከፀሐይ ይከልላሉ፤ የረገፈውንም ቅጠል ይደብቁልሻል። ቅጠሉ ወፍራምና ጠንካራ ስለሆነ ቶሎ አይበሰብስም። እዚያው ከሥሩ ይተኛ፣ ጉዝጓዝ ይሆንለታል።

አፈርና ውሃ፦

በቅርንጫፉ ላይ ትንሽ እለያለሁ። መተላለፊያ አጠገብ ከሆነ መቁረጥ ግድ ነው። ታዲያ ቀጭን ሳለ ይሻላል፤ የማግኖሊያ ቁስል ቶሎ አይድንም። ትንሽ ትንሹን፣ አበባው እንዳለፈ መግረዝ ነው። ደግሞ ቦታውን አስቢበት። ሙሉ ዛፍ ሲሆን ከ18 እስከ 27 ሜትር ይረዝማል፤ ወደ ጎንም ከ9 እስከ 15 ሜትር ይሄዳል።

ሌላ ደግሞ፣ የቅጠሉ ጀርባ ቡናማና ጸጉራም ሆኖ ብታዪው አትደንግጪ። ተፈጥሮው ነው። ብዙ ሰው በሽታ መስሎት መድኃኒት ይረጭበታል። መጠርጠር ያለብሽ የቅጠሉ ፊት ተጣብቆ ጥላሸት መሳይ ነገር ሲለብስና ጉንዳን ሲመላለስበት ነው። ያኔ ቅርንጫፉ ላይ የተለጠፉ፣ የዛፉን ጭማቂ የሚመጥጡ ትንንሽ ተባዮች አሉ ማለት ነው።

አዲስ ተካይ፦

እግዜር ይስጥልኝ! አሁን ወጥቼ አየሁት። የሚረግፉት የውስጦቹ ናቸው፤ ልቤ መለስ አለ። ግን በአጥሩ በኩል ያሉት የጫፍ ቅጠሎች ገርጥተዋል፣ ጅማታቸው አረንጓዴ ነው። በሌላው በኩል እንደዚያ የለም። አጥሩ በቅርቡ በሲሚንቶ ተለስኗል። ይገናኝ ይሆን?

የዛፍ ወዳጅ፦

በደንብ ይገናኛል። ሲሚንቶ ኖራ አለው፤ ዝናብ እያጠበ ወደ አፈሩ ያወርደዋል። በአጥሩ በኩል ያለውን አፈርና የሌላውን ወገን ለየብቻ አስመርምሪ። የአጥሩ በኩል ፒኤች ከፍ ብሎ ከተገኘ አፈሩን ወደ አሲዳማነት የሚመልሰውን ሰልፈር በተነገረሽ መጠን ከላይ ትበትኛለሽ። ሰልፈር ሥራው አዝጋሚ ነው፤ ወራት ይፈልጋል። እስከዚያ ኪሌት የሆነ ብረት፣ ማለትም ሥሩ በቀላሉ እንዲወስደው ሆኖ የተዘጋጀ፣ ቢሰጠው ቅጠሉ ያገግማል። የግንበኞቹ ፍርስራሽ ካለም ልቀሚው።

ውሃውንም አትርሺ። በተፈጥሮ የሚበቅለው በደቡብ ምሥራቅ አሜሪካ፣ ከሰሜን ካሮላይና የባሕር ዳርቻ እስከ መካከለኛው ፍሎሪዳና ምሥራቅ ቴክሳስ፣ እርጥበት ባለው መሬት ላይ ነው። ገና ልጅ ስለሆነ ድርቅ ሲሆን ቀስ እያልሽ ጠለቅ አድርገሽ አጠጪው፤ ውሃ ግን አይተኛበት። ጉዝጓዙ ከ5 እስከ 8 ሳንቲሜትር ይወፍር፣ ግንዱን ግን አይንካ።

ለምርመራው አፈር ስታወጪ ትንሽ የእጅ መቆፈሪያ ይበቃል። ወፍራም ሥር ከገጠመሽ ጉድጓዱን መልሰሽ ድፈኚውና ፈቀቅ ብለሽ ሞክሪ።