ጥያቄ፦ ልጄ የሩሚኮ ታካሃሺን ማንጋ (የጃፓን የሥዕል ታሪክ መጽሐፍ) ልታነብ ትፈልጋለች፤ ከየትኛው ትጀምር?

የሰዓሊዋ እናት፦ ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 14 ዓመቷ ነው። “ኢኑያሻ” የሚለውን አኒሜ (የጃፓን የካርቱን ፊልም) ካየች ወዲህ እርሳስ ከእጇ አልጠፋም። አሁን የደራሲዋን መጽሐፎች ግዢልኝ እያለች ነው። ሁሉም ለዕድሜዋ ይሆናሉ? ደግሞ “ሴትዮዋ በሥዕል ነው የምትኖረው፣ እኔም እንደሷ እሆናለሁ” ትላለች። ምን ልበላት?

ማንጋ አንባቢ፦ እህቴ፣ ከወደደችው ትጀምር። “ኢኑያሻ” 56 ቅጽ ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1996 እስከ 2008 ነው የተሣለው። በአንዴ አይግዙት። በእንግሊዝኛ ሦስት ሦስት ቅጽ አንድ ላይ የታተመ አለ፤ አንዱን ገዝተው ይሞክሩት። ጭራቅና ደም አለበት፣ ግን አኒሜውን ካየች አዲስ አይሆንባትም። “ራንማ” ላይ ቆም ይበሉ። ቀዝቃዛ ውኃ ሲነካው ሴት የሚሆን ልጅ ታሪክ ነው። በጣም ያስቃል፤ ራቁት ገላ የሚታይባቸው ገጾች ግን አሉት። መጀመሪያ እርስዎ ይዩት። “ሪንኔ” ቀለል ያለ ነው፣ መናፍስት ማየት የምትችል ተማሪ ታሪክ። ማንጋ ከቀኝ ወደ ግራ እንደሚነበብም ይንገሯት።

ግራፊክስ ሠሪው፦ ስለ ሥራዋ እኔ ልመልስ። ታካሃሺ እ.ኤ.አ. በ1957 ጃፓን ውስጥ ኒጋታ ተወለደች። ቶኪዮ በሚገኘው የጃፓን የሴቶች ዩኒቨርሲቲ እየተማረች፣ ጎን ለጎን ካዙኦ ኮይኬ የሚባለው ደራሲ ዘንድ ማንጋ ተማረች። ኮይኬ አጥብቆ የሚያስተምረው ገጸ ባሕርይ መፍጠርን ነበር። እሷም ጎበዝ የሆነችው እዚያ ላይ ነው። በ1978 “ኡሩሴይ ያትሱራ”ን ስትጀምር ገና ተማሪ ስለነበረች ለመጽሔቱ በየሳምንቱ ማድረስ አልቻለችም። ከተመረቀች በኋላ ግን ማን ያቁማት! ከ1980 ጀምሮ “ሜዞን ኢኮኩ”ን ጨመረችበት። አንዱ ለወንዶች ልጆች መጽሔት የተሣለ ቀልድ፣ ሌላው ለአዋቂዎች የተጻፈ የፍቅር ታሪክ። ሁለቱንም እስከ 1987 ጎን ለጎን ሠርታ ጨረሰች። ይህ ለእኔ ከሽልማቶቿ ሁሉ ይበልጣል። መጽሐፎቿ በ2017 ከ200 ሚሊዮን ኮፒ አልፈዋል፤ በ2019 የፈረንሳዩን የአንጉሌም የሥዕል ታሪክ ፌስቲቫል ታላቅ ሽልማት ወስዳለች። በዚያው ዓመት ደግሞ “ማኦ” የሚባል አዲስ ሥራ ጀመረች። ስለዚህ ልጅዎ ውሸት አላወራችም። ግን የሴትዮዋ ኑሮ በየሳምንቱ ማስረከብ መሆኑን አብረው ይንገሯት።

እናት ከሲያትል፦ እኔ ደግሞ እንደ እናት ልምከርሽ። ልጄ የሚያነበው ከሕዝብ ቤተ መጻሕፍት እየተዋሰ ነው። አሜሪካ ዘመድ ካለሽ አንድ ሁለት ቅጽ ይዞልሽ ይምጣ። “ሜዞን ኢኮኩ”ን ግን ትንሽ አቆዪላት። ባሏ የሞተባት ወጣት ሴትና እሷን የሚወድ ተማሪ ታሪክ ነው። ስታድግ ይበልጥ ይገባታል።

የሰዓሊዋ እናት፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! በ“ኢኑያሻ” እንጀምራለን። ለሥዕሉስ ምን ልግዛላት? ታብሌት ነው የምትለው።

ግራፊክስ ሠሪው፦ ታብሌቱ ይቆይ። ወረቀት፣ እርሳስ፣ ጥቁር ብዕርና ማስመሪያ በቂ ነው። ረጅም ታሪክ እንዳትጀምር፤ አራት ገጽ ላይ የሚያልቅ ትሥራና እስከ መጨረሻው ትጨርሰው። ከዚያ ለማታውቀው ሰው ታስነብበው። ከገጸ ባሕርያቱ ማን ማን እንደሆነ ሳይጠይቅ ከለየ፣ ሁለተኛውን ትጀምር።