ሳሎን የተከፈተው ሙዚቃ ኩሽናና ሰርቪስ ቤትም እንዲሰማ፣ ብዙ ሳላወጣ እንዴት ላድርግ?

የጎሮዋ
ሰላም ቤተሰብ። ቤታችን ሳሎን፣ ከጀርባው ኩሽና፣ ጓሮ ደግሞ ሰርቪስ ቤት አለው። አባቴ የድሮ የጃፓን አምፕሊፋየር አለው፣ እስካሁን ምንም አልሆነም። በዓል ሲሆን ሁሉም ቦታ አንድ ዘፈን እንዲሰማ ፈልጌ ኩሽና የብሉቱዝ ስፒከር አስገባሁ፣ ግን ከሳሎኑ ጋር አብሮ ሲከፈት ድምፁ ወደኋላ እየቀረ ያስተጋባል፣ እማዬም «አጥፉልኝ ይሄን ነገር» ትላለች። ውዶቹ የዋይፋይ ስፒከሮች አቅሜ አይደሉም። ምን ትመክሩኛላችሁ?

ሽቦ በሽቦ
እማዬ ልክ ናቸው። ብሉቱዝ ድምፁን ጨምቆ ልኮ እስኪፈታው ከ100 እስከ 200 ሚሊ ሰከንድ ሊወስድበት ይችላል፣ ጆሮ ደግሞ ያንን በደንብ ይለየዋል። የብሎኬት ግድግዳ ሲጨመርበት ጭራሽ ይቆራረጣል። ለኩሽናው ሽቦ ዘርጊ። ከመግዛትሽ በፊት ግን አምፕሊፋየሩን አዙሪና ከስፒከር መሰኪያዎቹ አጠገብ የተጻፈውን አንብቢልኝ።

የጎሮዋ
«ኤ» እና «ቢ» የሚሉ ሁለት መስመሮች አሉት። አንዱ ብቻ ሲሠራ ከ4 ኦም ጀምሮ፣ ሁለቱም ሲሠሩ ከ8 ኦም ጀምሮ ይላል። የሳሎኖቹ ስፒከሮች 8 ኦም ናቸው።

ሽቦ በሽቦ
በቃ፣ አለቀ። ኦም ማለት ስፒከሩ ለኤሌክትሪኩ ያለው መቋቋም ነው፣ ባነሰ ቁጥር አምፕሊፋየሩ ይበልጥ ይጨነቃል። ሳሎኑ «ኤ» ላይ ይሁን፣ ለኩሽና 8 ኦም የሆነ ስፒከር ፈልጊና «ቢ» ላይ አድርጊው። 4 ኦም በርካሽ አገኘሁ ብለሽ እንዳታስገቢ፣ አምፕሊፋየሩ ይግላል ከዚያም ይቃጠላል። ሦስተኛ ጥንድ እዚያው ላይ መደረብም አይሆንም፣ ሦስት ባለ 8 ሲደራረቡ 2.7 ኦም ገደማ ይሆናሉ። ሽቦው ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ፍሌክሲብል ይበቃል። ፕላስና ማይነሱን አታምታቺ፣ ከተገላበጠ ቤዙ ይጠፋል።

ሙያተኛው
አንድ ነገር ልጨምር። ኩሽና አንድ ስፒከር ብቻ ከሆነ የሚሰማው የአንድ ጎን ድምፅ ነው፣ አንዳንድ የድሮ ዘፈን ላይ ክራሩ ወይም ድምፃዊው ራሱ ሊጠፋ ይችላል። ሰው ይሄን ለማስተካከል ብሎ የግራና የቀኝ ሽቦን አምፕሊፋየሩ ላይ አንድ ላይ ያስራል። በጭራሽ! ያቃጥለዋል። ዘፈኑ ከስልክ ከሆነ የሚመጣው፣ ሴቲንግ ገብተሽ አክሰሲቢሊቲ ውስጥ ሞኖ ኦዲዮ የሚለውን አብሪ፣ የግራና የቀኙን ድምፅ አንድ ያደርገዋል።

ዲሲ ነኝ
እኔ ያገለገለ አምፕሊፋየር ከዚህ ልልክላት እችላለሁ፣ እዚህ በርካሽ ነው የሚጣለው።

ሙያተኛው
ወንድሜ እግዜር ይስጥህ፣ ግን ጀርባውን እይ። እዚያ የሚሸጠው አብዛኛው 120 ቮልት ብቻ ነው፣ እዚህ 220 ላይ ሲሰካ ያበቃለታል። ከላክህ በዩኤስቢ የሚሠራ ዕቃ ላክ።

የጎሮዋ
ሰርቪስ ቤቱስ? ጓሮውን ቆፍሬ ሽቦ መቅበር አልፈልግም።

ኮዱ
እዚያ ነው ዋይፋይ የሚያስፈልግሽ። ስናፕካስት የሚባል፣ አንድ ዘፈን በዋይፋይ ወደ ብዙ ቦታ እኩል የሚልክ ነፃ ፕሮግራም አለ። ሊኑክስ (በዊንዶውስ ፈንታ የሚጫን ሲስተም) የተጫነበት አሮጌ ላፕቶፕ ሰርቨር ማለትም ላኪ ይሆናል፣ ዘፈኑን እሱ ያጫውታል። ስክሪኑ የተሰነጠቀ የድሮ አንድሮይድ ስልክ ካለሽ ስናፕድሮይድ የሚለውን አፕ ጫኚበትና ሰርቪስ ቤት ውስጥ በጆሮ ማዳመጫው ቀዳዳ በኩል ከትንሽ የኮምፒውተር ስፒከር ጋር አገናኚው። ሳሎን ያለው አምፕሊፋየርም የሚቀበለው ከዚያው ላፕቶፕ መሆን አለበት፣ ላፕቶፑ ላይ የሚከፈተውም የስናፕካስቱ ክላየንት፣ ማለትም ተቀባዩ ፕሮግራም ነው። በቀጥታ ከማጫወቻው ከሰጠሽው ያው ማስተጋባት ይመለሳል፣ ምክንያቱም ስናፕካስት ሁሉንም እኩል ለማድረግ ብሎ ሆን ብሎ ያዘገየዋል። ዘፈኖቹ ላፕቶፑ ውስጥ ካሉ ኢንተርኔት ባይኖርም ይሠራል፣ ራውተሩ መብራት እስካለው ድረስ።

ሽቦ በሽቦ
ላፕቶፕ ከገባ ሞኖውንም እዚያው ላይ ማስተካከል ነው፣ የስልኩ ሴቲንግ አይሠራም። ግን መጀመሪያ ኩሽናውን ጨርሺ። ሁለቱን ባንድ ቀን ከጀመርሽ የቱ እንዳልሠራ ለማወቅ ትቸገሪያለሽ።

የጎሮዋ
እሺ። ከአምፕሊፋየሩ እስከ ኩሽና ስለካው 12 ሜትር ሆነ። ልክ 12 ልግዛ?

ሽቦ በሽቦ
15 ግዢ። በሩን ሲዞር ሽቦ ይበላል።